የካናቢስ ዘይትና የጦርነት ሰቀቀን፤ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጕዳይ

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሀና ማርያም፣ በላፍቶና በለቡ ባሉት ሱቆችና መድኃኒት ቤቶች አንድ ያልተለመደ ጥያቄ ይሰማል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ልጁ ወይም ወንድሙ ከጦር ግንባር ተመልሶ እንቅልፍ ያጣበት ሰው ነው። የሚፈልገውም በውጭ አገር ያለ ዘመዱ በስልክ የነገረውን፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣውን ዘይት ነው። ባለሱቁ «የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ፈላጊ የበዛበትን ዕቃ አስመጥቶ መሸጥ የነጋዴ ተፈጥሮ ስለሆነ፣ «ለምን አላስመጣውም?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በሌላም በኩል ይህንኑ ዘይት በአዲስ አበባ በወኪልነት እንድናከፋፍል የሚጋብዙ የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤዎች ከባሕር ማዶ ለንግድ ቤቶች ይደርሳሉ፤ እኔም በምሠራበት ንግድ ቤት በጸሓፊነቴ እነዚህን ደብዳቤዎች ከፍቼ አንብቤአለሁ።

ስለዚህ ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ለማስረዳት ተነሥተናል። አንደኛው ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ተክሉ ለዚህ ሕመም ይረዳ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ሕጉ ምን እንደሚል ነው። በመጨረሻም በሕመሙ የተያዘ ሠራተኛ ወይም ዘመድ ያለው ነጋዴ ምን ማድረግ እንደሚችል እንገልጻለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በጦርነት፣ በዘረፋ፣ በመኪና አደጋ፣ በመደፈር ወይም ይህን በመሰለ ድንገተኛ መከራ ያለፈ ሰው ሁሉ ለጥቂት ቀናት መደንገጡና መጨነቁ የተፈጥሮ ነው። ከብዙዎቹም ዘንድ ጭንቀቱ እየቀለለ ይሄዳል። በአንዳንዶቹ ግን ከአንድ ወር አልፎ ለዓመታት ይቈያል። ያየው ነገር በሕልሙ እየመጣ ያባንነዋል፤ በቀንም ሳይታሰብ ዓይኑ ፊት ይደቀናል። ያን ነገር የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ሰውና ወሬ ይሸሻል። በሩ ሲንኳኳ ወይም የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ይዘላል፤ በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ ከቤተ ሰቡና ከወዳጆቹም ልቡ ይርቃል። ይህንን ሕመም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ በራሱ ስም አስገብቶታል። ሐኪሞች በአጭሩ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ይሉታል፤ እኛም በአማርኛ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ብለን እንጠራዋለን።

አዲስ የሆነው ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ብዙ ወጣቶችን እንዲህ አድርጎ መልሷቸዋል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሰሜን ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው ጦርነትም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ወታደሩንም ሰላማዊውንም ሰው ጎድቷል። ከስምምነቱ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ክልሎች ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንዲመለሱ የታሰቡት የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370,000 በላይ መሆናቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ዘበኛ፣ ሾፌር፣ የመጋዘን ሠራተኛና ተሸካሚ ሆነው በነጋዴ ቤት ሥራ መፈለጋቸው የማይቀር ነው። እንግዲህ ነገሩ የሐኪም ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የአሠሪም ጕዳይ ነው።

ስለ ተክሉ

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። አንዳንድ ሰው ካናቢስን «ዕፀ ፋርስ» ይለዋል። ይኸው ስም ደግሞ በሌላ ሰው አፍ አስተናግር ለሚባለው መርዛም ተክል ይነገራል። አስተናግር አእምሮን የሚያናውጥና ሊገድልም የሚችል ስለሆነ፣ ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ካናቢስ በሚለው ስም ብቻ እንጠቀማለን።

ካናቢስ በአገራችን ጥንታዊነት አለው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለ ዋሻ ውስጥ በተደረገ ቍፋሮ የሸክላ ማጨሻ ጋያዎች ተገኝተው ነበር። የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆኑት ሊቅ ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨ ጋያዎቹን መርምረው የካናቢስ ቅሪት እንዳገኙባቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ጽፈዋል፤ ዘመናቸውንም ወደ 14ኛው ምእት ዓመት ገደማ አድርሰውታል። በዘመናችንም በሻሸመኔ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ተክሉን ከእምነታቸው ጋር ያያይዙታል። የሆነው ሆኖ ሕጋችን በዚህ ምክንያት ለማንም የተለየ ፈቃድ አልሰጠም።

በተክሉ ውስጥ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች መካከል ለነጋዴ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ቲ.ኤች.ሲ. የሚባለው ሲሆን፣ የሚያሰክረውና አእምሮን የሚለውጠው እርሱ ነው። የእስራኤል ሊቃውንት ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አውጥተውታል። ሁለተኛው ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው የማያሰክር ንጥረ ነገር ነው፤ በውጭ አገር በጠብታ ዘይት መልክ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የሰው አካል ራሱ ቲ.ኤች.ሲ. የሚመስል ነገር እንደሚያመነጭ ታወቀ። ይህ የሰውነት ሥርዓት ፍርሃትን በማርገብና ክፉ ትዝታን በማብረድ በኩል ድርሻ እንዳለው ስለተረዱ፣ ሊቃውንቱ ተክሉ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት ይረዳ ይሆናል ብለው ቢያስቡ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ምርመራው ምን አሳየ?

ከካናቢስ የተገኘ መድኃኒት ሁሉ ማታለያ ነው ማለት ስሕተት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ከቲ.ኤች.ሲ. ጋር አንድ የሆነውን፣ በፋብሪካ የሚሠራውን ድሮናቢኖል እ.ኤ.አ. በ1985 የካንሰር ሕክምና ለሚያስከትለው ማቅለሽለሽ ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የተጣራ ሲ.ቢ.ዲ. ሁለት ብርቱ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ዓይነቶችን ለማከም ፈቅዷል። እነዚህ መጠናቸው የተለካ፣ ጥቅማቸው የተፈተነና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው።

ወደ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ሕመም በካናቢስ ሊታከሙ ከሚችሉት መካከል አስገብታዋለች፤ ሌሎችም ተከትለዋታል። የዘመዶቻችን ወሬ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድና ማስረጃ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመ አንድ ምርመራ 80 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች በዕጣ ተከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ ቲ.ኤች.ሲ. የበዛበት፣ አንዳንዶቹ ሲ.ቢ.ዲ. የበዛበት፣ አንዳንዶቹ ሁለቱም ያሉበት ካናቢስ እንዲያጨሱ ተደረገ፤ የቀሩት ደግሞ መልኩ ካናቢስ የሚመስል፣ ነገር ግን ንጥረ ነገሩ የወጣለት ተሰጣቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሁሉም ሕመም ቀለል ብሎ ተገኘ። ባዶውን ያጨሱትም እንደዚያው ቀለላቸው፤ እውነተኛው ተክል ከባዶው የሚበልጥ መሆኑም አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሌላ ምርመራ ናቢሎን የተባለ ቲ.ኤች.ሲ. መሰል መድኃኒት የካናዳ ወታደሮችን ክፉ ሕልም ቀንሷል፤ የተመረመሩት ግን 10 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በአሥር ሰው ተመክሮ ለብዙ ሺህ ሰው መድኃኒት አይታዘዝም።

«ወንድሜ ግን ከወሰደ ወዲህ ተኝቷል» የሚል ሰው ይኖራል፤ ውሸት ነው አንለውም። ቲ.ኤች.ሲ. ቶሎ እንዲያንቀላፋና ሕልሙም እንዲቀንስ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን አዘውትሮ የወሰደ ሰው ባቆመ ጊዜ ሕልሙ በርትቶ ይመለሳል። ይህን ሲያይ መጠኑን ይጨምራል፤ እየቈየም ያለ እርሱ መተኛት ያቅተዋል። ይህም ወለዱን ብቻ በየወሩ እየከፈለ ዋናውን ዕዳ ሳይነካ እንደሚኖር ባለዕዳ ነው። ከዚህም ሌላ ቲ.ኤች.ሲ. የበዛበት ካናቢስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ፣ በተለይም በወጣቶች፣ የሌለ ነገር ማየትንና መጠራጠርን የመሰለ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። በዚህ ሁሉ ምክንያት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤትና የመከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ለሐኪሞች ባወጡት መመሪያ ካናቢስን ለዚህ ሕመም እንዳይጠቀሙበት መክረዋል። ብዙ ጦርነት ያየና ብዙ ቍስለኛ ያለው መንግሥት የሰጠው ምክር ስለሆነ ክብደት አለው።

ጠርሙሱና በላዩ የተጻፈው

ማንኛውም ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ዕቃው እንደ ጽሑፉ መሆኑን ያረጋግጣል። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ምርመራ ሊታወቅ ይገባል። መርማሪዎቹ በአሜሪካ የሚሸጡ 84 የሲ.ቢ.ዲ. ዕቃዎችን ገዝተው በቤተ ሙከራ ፈተኑ። በላዩ ከተጻፈው ጋር የተስማማው የ26ቱ ብቻ ነበር፤ በቀሩት ሲ.ቢ.ዲ.ው ከተጻፈው በዝቶ ወይም አንሶ ተገኝቷል። በ18ቱም ውስጥ የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቶባቸዋል። እንግዲህ «አያሰክርም፣ ንጹሕ ሲ.ቢ.ዲ. ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ በሻንጣው ይዞ የመጣ ሰው፣ ሳያውቀው የተከለከለውን ዕፅ ይዞ ቦሌ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጭ አደንዛዥ ዕፅን መትከል፣ ማምረት፣ ማስገባት፣ ማውጣት፣ ለሽያጭ ማቅረብ፣ ማዘዋወርና መያዝ ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። ቅጣቱም ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እሥራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። «ለታመመ ወንድሜ ነው» ማለት ወይም በመጣበት አገር የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ ማሳየት የአገራችንን ሕግ አይሽረውም። ዘመዱን ለመርዳት ብሎ አንድ ጠርሙስ ያዘዘ ቤተ ሰብ በአንድ ታማሚ ላይ አንድ እሥረኛ እንዳይጨምር መጠንቀቅ አለበት።

በዓለም አቀፍ በኩልም የሚመራን እ.ኤ.አ. የ1961 የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 ገብታበታለች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 የተባበሩት መንግሥታት የዕፆች ኮሚሽን በ27 ድምፅ ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን ከስምምነቱ አራተኛ ሰንጠረዥ አውጥቶታል። ይህ ሰንጠረዥ እጅግ አደገኛና ለሕክምና እምብዛም የማይጠቅሙ የሚባሉት የሚመዘገቡበት ነው። ያን ጊዜ «ካናቢስ ተፈቀደ» የሚል ወሬ በሰፊው ተነዛ። እውነቱ ግን ካናቢስ በአንደኛው ሰንጠረዥ፣ ጥብቅ ቍጥጥር ከሚደረግባቸው ጋር፣ እንደ ተመዘገበ መቅረቱ ነው። ውሳኔው ለሕክምና ምርመራ በሩን አሰፋ እንጂ ለሱቅ ሽያጭ አልከፈተውም።

ስለ አስመጪነት

ማንኛውም መድኃኒት ወደ አገር የሚገባው በዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከተመዘገበና አስመጪውም ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው። ቍጥጥር ለሚደረግባቸው ዕፆች ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይጨመራል። አገሪቱ ለዓመቱ ለሕክምና የሚያስፈልጋትን መጠን አስቀድማ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክስ ቍጥጥር ቦርድ ታስታውቃለች። ከዚያም ለእያንዳንዱ ጭነት የአስመጪው አገር መንግሥት የማስገቢያ ፈቃድ ይሰጣል፤ የላኪው አገር መንግሥት ይህን ፈቃድ አይቶ የማስወጫ ፈቃድ ይሰጣል፤ የዚህም ግልባጭ ከጭነቱ ጋር ይጓዛል። ለካንሰር ሕመምተኞች የሚሰጠው ሞርፊን የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ የወኪልነት ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ዕቃው በባለሥልጣኑ የተመዘገበ ነውን? የላኪው አገር መንግሥት የማስወጫ ፈቃድ ይሰጥበታልን? ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ፣ ይልቁንም ዕቃውን «የምግብ ማሟያ» ወይም «የመዋቢያ ቅባት» ብለን እንላክልህ የሚል ደብዳቤ፣ ነጋዴውን በሐሰት የዕቃ መግለጫ ጕምሩክ ፊት የሚያቆመው ስለሆነ መልስ አያሻውም። ዕቃ አስተላላፊውም ከአስመጪው ጋር አብሮ ሊጠየቅ ይችላል።

ስለ ላኪነት

ላኪዎቻችን ደግሞ ጎረቤቶቻችን በዚህ ተክል የውጭ ምንዛሪ እያገኙ ነው ሲባል ይሰማሉ። እርግጥ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ ለማልማት ፈቃድ በመስጠት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ሆናለች። ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020፣ ሩዋንዳና ሞሮኮ በ2021 እ.ኤ.አ. ተከትለዋል። ነገር ግን በ1961ዱ ስምምነት መሠረት እርሻውን የሚፈቅድ መንግሥት ምርቱን የሚረከብና የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ማቋቋም ግዴታው ነው፤ አጥሩ፣ ቤተ ሙከራውና የጥራት ምስክር ወረቀቱም ብርቱ ገንዘብ ይጠይቃል። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ሽያጩ ሲፈቀድ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ኩባንያዎች ከፈላጊው በላይ አምርተው ከባድ ኪሳራ ደርሶባቸዋል። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ የንግድ እርሻ ፈቃድ የሚሰጥበት ሕግ ስላልወጣ፣ «መሬት አዘጋጅልን፤ ፈቃዱን እኛ እናመጣለን» ከሚል ሸሪክ ጋር ውል መዋዋል ገንዘብን ማባከን ነው።

የሚረዳው ሕክምና የቱ ነው?

ይህን ሁሉ ከልክለን ብቻ ብንለያይ እንቅልፍ ላጣው ሰው ምንም አልጠቀምነውም። ደስ የሚያሰኘው ነገር ለዚህ ሕመም የተፈተነ ሕክምና መኖሩ ነው። ከሁሉ የቀደመው የንግግር ሕክምና ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ሕመምተኛውን ጸጥታ ባለበት ቦታ አስቀምጦ፣ የሸሸውን ትዝታ በጥቂት በጥቂቱ እንዲናገረውና የሚፈራውን ቦታ ቀስ በቀስ እንዲለምደው ያደርገዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ለሚሆን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ይደረጋል። ከመድኃኒት በኩል ደግሞ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን የተባሉት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያ ተመክረዋል። እነዚህ የሚወሰዱት በሐኪም ትእዛዝ ሲሆን ውጤታቸው የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ «አልሠራልኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን መተው አይገባም።

በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዚህ ሥራ የቈየ ነው፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። በሠፈር ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል፤ ሐኪሙ ወደሚገባው ቦታ ይመራዋል። ባለሙያዎቹ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ስለሆኑ ወረፋው ረጅም መሆኑን አንሸሽግም። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ሕክምናውን መተው አያስፈልገውም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይችላል።

በምሠራበት ንግድ ቤት መጋዘን የሚጠብቅ አንድ የቀድሞ ወታደር አለ። በሌሊት ጥበቃው የመኪና በር በተዘጋ ቍጥር መሬት ላይ ይተኛ ነበር። እኅቱ ከውጭ አገር ጠርሙሱን ልትልክለት ስትነሣ ጌታዬ አስቀርተው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ የሌሊቱንም ተራ ወደ ቀን አዛወሩለት፤ በቀጠሮው ቀን ደመወዝ ሳይቈረጥበት እንዲሄድ ፈቀዱለት። ፈጽሞ ድኗል አንልም፤ አሁንም የሚባንንበት ሌሊት አለ። ሥራውን ግን አልለቀቀም፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ናቸው። ወጪው አንድ የፈረቃ ለውጥና በሳምንት የግማሽ ቀን ፈቃድ ብቻ ነበር።

ይህ ደግሞ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ሕግም የሚደግፈው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው። ሕጉ የሚጠይቀው የሐኪም ማስረጃ ነው እንጂ፣ ሕመሙ የእግር ይሁን የአእምሮ አይለይም።

ለማጠቃለል ያህል፣ አስመጪው በባለሥልጣኑ ያልተመዘገበውን ዘይት አያስመጣ፤ ላኪው ሕግ ባልወጣለት እርሻ ገንዘቡን አያፍስስ። ባለሱቁም ጠያቂውን «የለም» ብሎ ብቻ ከመመለስ ይልቅ «ወንድምህን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ዘመድህም በሻንጣ እንዳይልክልህ ንገረው» ይበለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ድኅረ አደጋ ጭንቀት የያዘው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሕመሙን ሳያፍር የሚናገርበት ቦታና ለቀጠሮው የሚሄድበት ጊዜ ነው። ከእነዚህ ሁለተኛውን ለመስጠት በየንግድ ቤቱ ያለ አሠሪ ሥልጣን አለው።